የእንግሊዝ ገጠር መንደሮች፦ ሥዕሉ የሚያሳየውና መዝገቡ የሚናገረው

የሣር ክዳን፣ ነጭ ግድግዳ፣ በር ላይ የተጠመጠመ ጽጌረዳ፣ ከጀርባ የቤተ ክርስቲያን ግንብ። የእንግሊዝ ገጠር ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ይህ ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ጋር አብረው የሚመጡ እምነቶችም አሉ። የአካባቢ ታሪክ ወዳጆች ከአዛውንት ትዝታ፣ ከደብር መዝገብና ከመቃብር ድንጋይ የለቀሙት ማስረጃ ግን ብዙዎቹን እምነቶች ያፈርሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መንደሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነበር»

ዶርሴት ውስጥ ሚልተን አባስ የምትባል መንደር አለች። ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ነጫጭ ቤቶች ተሰልፈዋል። ውበቷ አያከራክርም፤ ሰልፉ ግን ሊያጠራጥረን ይገባል። በራሱ ጊዜ ያደገ መንደር እንደ ወታደር አይሰለፍም። በ18ኛው መቶ ዘመን ጆሴፍ ዴመር የተባለ ሎርድ፣ ከመኖሪያው አጠገብ የነበረችውን ሚድልተን የተባለች የገበያ ከተማ «እይታዬን አበላሸችብኝ» በሚል ምክንያት አስፈረሳት። ዛሬ ለፎቶ የምንሽቀዳደምባቸውን ቤቶች ያሠራው ከነዋሪዎቿ ጥቂቱን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ለማስፈር ነው። በ1780 ገደማ የተጠናቀቁ ናቸው።

መስኩን እንደ ዳማ ሰሌዳ የሚከፋፍለው የቁጥቋጦ አጥርም ቢሆን፣ በተለይ በመካከለኛው እንግሊዝ፣ አብዛኛው የ18ኛውና የ19ኛው መቶ ዘመን የፓርላማ አዋጅ ውጤት ነው። ከዚያ በፊት ሰፋፊ ማሳዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው የተበታተኑ ረጃጅም ቁራሾች ይደርሱታል፤ አንዱ ማሳም በየተራ ጦም ያድራል። ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ላክስተን የተባለችው መንደር ይህን የማሳ አደረጃጀት እስከ ዛሬ ጠብቃ ይዛለች።

«የገጠር ሰው ከተወለደበት ቀዬ አይነቃነቅም ነበር»

እትብቱ የተቀበረበትን መሬት የማይለቅ ገበሬ ለእኛ የታወቀ ምስል ስለሆነ ይህን ማመን አይከብደንም። እዚያው ኖቲንግሃምሻየር የክሌይዎርዝ ደብር ቄስ ግን በ1676 የሰበካቸውን ሕዝብ ቤት ለቤት በስም መዘገቡ፤ 401 ሰው ነበር። በ1688 እንደገና መዘገቡ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስሞች ከመዝገቡ ጠፍተዋል። ሞት የወሰደው ከፊሉን ብቻ ነው። የቀሩት በቅጥር፣ በትዳርና ኑሮ ፍለጋ ሄደዋል። ወጣቶች በዓመት ኮንትራት አገልጋይነት ተቀጥረው ከመንደር መንደር መዘዋወራቸው የተለመደ ነበር።

«ጠፍ የሆኑት መንደሮች ወረርሽኝ የጨረሳቸው ናቸው»

በመላው እንግሊዝ ከ2,000 በላይ ጠፍ የሆኑ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች ይታወቃሉ። አስጎብኚው «የጥቁር ሞት» ይላል፣ ሰሚው ይቀበላል። ዮርክሻየር ያለችው ዋረም ፐርሲ ግን ሌላ ታሪክ አላት። ሞሪስ ቤረስፎርድና ጆን ኸርስት የመሩት ቁፋሮ ከ1950 ጀምሮ አርባ ዓመት ያህል ቆይቷል። ውጤቱም መንደሯ ከ1348-49ኙ ወረርሽኝ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ እንደኖረች አሳየ። የመጨረሻዎቹ ቤተሰቦች የተነሱት በ1500 ገደማ ሲሆን ያስነሳቸውም ባለመሬቱ ነው። የሱፍ ዋጋ ጥሩ ነበር፤ በጎችን ለመጠበቅ ደግሞ አንድ እረኛ ይበቃል፣ ሃያ ጭሰኛ አያስፈልግም። ዛሬ ጣሪያ የሌለው የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያንና በሣር ሥር የቤቶቹ መሠረት ቀርተዋል።

በተቃራኒው ወረርሽኝ ክፉኛ የመታት ኢያም፣ ደርቢሻየር ውስጥ፣ አሁንም ሰው ይኖርባታል። በ1665 መጨረሻ በሽታው ከለንደን ለልብስ ሰፊ በመጣ ጨርቅ እንደገባ ይነገራል። በ1666 ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰን ከእሳቸው በፊት ከነበሩት ቄስ ከቶማስ ስታንሊ ጋር ተባብረው፣ ማንም ከመንደሩ እንዳይወጣ ሕዝቡን አሳመኑ። በወሰኑ ላይ ያለው ድንጋይ ጉድጓድ ጉድጓድ አለው። ገንዘባቸውን፣ በሽታውን ያጠፋል ተብሎ ኮምጣጤ በተሞላባቸው በእነዚያ ጉድጓዶች ያስቀምጡ ነበር፤ ከሌላ መንደር የመጣ ሰው ምግቡን አኑሮ ገንዘቡን ያነሳል። የጉድጓዶቹ አፍ ከጣት ብዛት ለስልሷል። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የተባለች እናት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን በገዛ እጇ ቀበረች። የሞምፐሰን ባለቤት ካትሪንም ከሟቾቹ አንዷ ነበረች።

«ታይነሃም እስከ መጨረሻዋ ዕለት የሞላላት ገነት ነበረች»

እዚህ ላይ ትዝታን መንካት ስለሆነ በጥንቃቄ እናገራለሁ። በዶርሴት ጠረፍ አጠገብ ያለችው ታይነሃም በታኅሣሥ 1943 ለሠራዊት ልምምድ ተብሎ በአንድ ወር ገደማ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነዋሪዎቿ ሁሉ ለቀው ወጡ። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ነበር፦ ቤተ ክርስቲያኑንና ቤቶቹን በጥንቃቄ ያዙልን፣ አንድ ቀን እንመለሳለን፣ መንደራችንን በደግነት ስለያዛችሁልንም እናመሰግናችኋለን የሚል። አልተመለሱም። በ1948 መሬቱ በግዴታ ግዢ ለሠራዊቱ ሆነ። አብዛኞቹ ጭሰኞች ስለነበሩ ይመለስልን ለማለት የሚያቀርቡት የርስት ማስረጃ አልነበራቸውም።

በደሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከመባረሩ በፊት ያለው ዘመን በትዝታ ውስጥ ወርቅ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። የመንደሩ ትምህርት ቤት የተዘጋው በ1932፣ ከጦርነቱ በፊት፣ ልጆች ስላነሱ ነው። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ መውጣት ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ይህን መናገር የባለ ትዝታዎቹን ኀዘን አያሳንስም። እንዲያውም ስንት ነገር ችለው እዚያ ይኖሩ እንደነበር ያሳየናል። የትምህርት ክፍሉ ተጠግኖ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ በግድግዳው ላይ በልጆቹ ስም የተሰየሙት የካፖርት መስቀያዎች አሁንም አሉ።

«ጦርነት የከተማ ጉዳይ ነበር»

ባጭሩ፦ አይደለም። ከአሥር ሺህ በላይ ከሚሆኑት የእንግሊዝ ሰበካዎች መካከል በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱት ሁሉ በሕይወት የተመለሱላቸው ሃምሳ ገደማ ብቻ ናቸው። በቀሩት መንደሮች የመታሰቢያውን ሐውልት ቆም ብሎ ለሚያነብ ሰው የአንድ ቤተሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ማየት የተለመደ ነው።

«የውጭ ሰው እግሩን ያላስገባበት ምድር ነበር»

መቅደላ ላይ ወላጅ አባቱን፣ በስደት መንገድ ላይ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን ያጣው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1868 የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። አሳዳጊው የሆነው የእንግሊዝ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ፣ ባሻ ፈለቀ የምንለው፣ ያሳረፈው በዋይት ደሴት ፍሬሽዋተር በምትባል መንደር ነበር። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፍ ያነሳችው እዚያው ነው። የፍሬሽዋተርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ልጅ ቢዘል ታሪኩ ይጎድላል።

እሱም የመጀመሪያው አፍሪካዊ የገጠር ነዋሪ አልነበረም። ግሎስተርሻየር ውስጥ አልመንድስበሪ በምትባል መንደር ካተሊና የተባለች ጥቁር ሴት ትኖር ነበር። በ1625 ስትሞት ንብረቷ ተቆጥሮ ተመዘገበ፦ መኝታዋ፣ ድስቶቿ፣ አንድ የጠረጴዛ ልብስ። ከሁሉም ከፍ ያለ ዋጋ የተጻፈላት ላሟ ናት። ባሪያ ንብረት ቆጥሮ አያወርስም፤ ካተሊና የራሷ ጌታ ነበረች፣ በዚያች መንደር ላሟን እያለበች የኖረች።