«ባራታ» ሲባል የትኛው ንጉሥ ነው?

የሕንድ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 1 አገሪቱን «ኢንዲያ፣ ማለትም ባራት» ብሎ ይጠራታል። ስያሜው ከንጉሥ ባራታ መጣ ሲባል አንባቢን ግራ የሚያጋባው፣ በዚህ ስም የሚታወቁት የአፈ ታሪክ ሰዎች ከአንድ በላይ መሆናቸው ነው። በጥንታዊው የሕንድ የጀግንነት ግጥም በማሃባራታ የሚገኘው ባራታ የንጉሥ ዱሽያንታና የሻኩንታላ ልጅ ሲሆን፣ ባላንጣዎቹ ፓንዳቫዎችና ካውራቫዎች የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩት ከእርሱ ነው። በሌላው ጥንታዊ የጀግንነት ግጥም በራማያና ያለው ደግሞ የተሰደደውን የወንድሙን የራማን ጫማ በዙፋኑ ላይ አኑሮ በእንደራሴነት ያስተዳደረው ነው፤ ይህኛው ከአገሪቱ ስም ጋር አይያያዝም።

የሕንድ ጥንታዊ ሃይማኖት የጃይኒዝም ተከታዮች የሆኑት ጃይኖች ስሙን የሚሰጡት ለሦስተኛው፣ ማለትም ለመጀመሪያው ቲርታንካራ (የሃይማኖታቸው ታላቅ መምህር) ለሪሻባ ልጅ ሲሆን፣ ፑራና የሚባሉት አንዳንድ ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍትም በዚህ ይስማማሉ። ይህ ባራታ ዓለምን ሁሉ ለመግዛት ሲነሣ አልገብርም ካለው ከወንድሙ ከባሁባሊ ጋር፣ ሠራዊት እንዳይተላለቅ፣ ለብቻቸው ገጠሙ። የሚገርመው፣ ያሸነፈው ባሁባሊ መንግሥቱን ትቶ መመነኑ ነው። በደቡብ ሕንድ በካርናታካ ግዛት፣ በሽራቫናቤላጎላ ኮረብታ ላይ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለው 17 ሜትር ያህል የሚረዝም ሐውልቱ እግሩና ክንዱ ላይ ሐረግ ተጠምጥሞበት የሚታየው፣ ሳይነቃነቅ ቆሞ ሲያሰላስል ተክል እስኪወጣበት ድረስ ስለቆየ ነው።