ድንች፣ ማርና ጠጠር፦ ስለ ጽጌረዳ ማራባትና ማዛወር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ጽጌረዳ ማራባት የሚዞሩ ቪዲዮዎች ይመሳሰላሉ። ከእቅፍ አበባ አንድ ዘንግ ይመዘዛል። ድንች ውስጥ ይሰካል፣ ማር ይቀባል፣ አፈር ይለብሳል። ከዚያ ያበበ ተክል ይታያል። መሀል ላይ ያሉት ሳምንታት የሉም። አይቶ የሞከረ ሰው ቁራጩ ጠቁሮ ሲሞትበት «እጄ ለአበባ አይሆንም» ብሎ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ይሄ ያሳዝነኛል። እጁ ምንም አላጠፋም፤ የሰማው ምክር ነው ልክ ያልሆነው። እስቲ በብዛት የሚነገሩትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ድንቹ ቁራጩን ይመግበዋል»

አይመግበውም። ሥር የሌለው ቅርንጫፍ ከድንች ምግብ የሚስብበት መንገድ የለውም። ድንቹ የሚያዋጣው እርጥበት ብቻ ነው፤ እሱንም እርጥብ አፈር በተሻለ ይሰጣል። የተቀበረ ድንች ወይ ራሱ ያቆጠቁጣል፣ ወይ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ደግሞ በመጀመሪያ የሚያገኘው ገና ያልዳነውን የጽጌረዳውን ቁስል ነው።

ቁራጩ የሚኖረው ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅና የቀሩለት ቅጠሎች በሚያዘጋጁት ምግብ ነው። ከለጋ ቡቃያና ከቅጠል የሚመነጭ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን አለ። ወደ ታች ይወርድና የተቆረጠው ጫፍ ጋ ይጠራቀማል። ሥር እንዲወጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ቁራጭን ገልብጦ መትከል የማያዋጣው፣ ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ማንሳትም የሚጎዳው ለዚህ ነው።

«ማርና ቀረፋ ሥር ያበቅላሉ»

ማር ባክቴሪያን ያዳክማል፣ ቀረፋ ሻጋታን ይከላከላል። ሥር የሚያስወጣ ሆርሞን ግን አይደሉም። ማር ደግሞ አፈር ውስጥ ሲቀጥን ስኳሩ ራሱ የሻጋታ ምግብ ይሆናል። ለሥር ማብቀያ በዱቄት መልክ የሚሸጠው ከኦክሲን ወገን የሆነ ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር አለበት፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጫፉን ስስ አድርጎ ማስነካት ይበቃል። ሲበዛ ጭራሽ ሥሩን ያፍናል። የምትፈልጉትን ያህል ወደ ሌላ ዕቃ ቀንሳችሁ ከዚያ ተጠቀሙ፤ እርጥብ ቁራጭ በቀጥታ ብልቃጡ ውስጥ ከገባ የቀረው ይበላሻል። ዱቄቱን ካጣችሁም አይጨንቃችሁ። ያለሱ ሥር የሚያወጡ ጽጌረዳዎች ብዙ ናቸው።

«ከእቅፍ አበባ የተወሰደ ዘንግ ምርጥ ነው»

አንዳንዴ ይይዛል። ነገር ግን እቅፍ ውስጥ ያለ ጽጌረዳ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ ብዙ ጊዜም በማቀዝቀዣ አልፏል፣ የታች ቅጠሉ ተራግፏል፣ ስንቁንም አበባው ላይ ጨርሷል። ለጀማሪ አልመክረውም። ከቻላችሁ ከቆመ ተክል ላይ ቁረጡ።

የሚመረጠው አበባው በቅርቡ የረገፈ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ነው። መድረሱን እሾሁ ይነግራችኋል። እሾሁን በአውራ ጣት ወደ ጎን ግፉት። ቀጭ ብሎ ተላቆ ንጹሕ ጠባሳ ከተወ ደርሷል። ከተጣጠፈ ወይም ልጣጩን ይዞ ከመጣ ገና ለጋ ነው። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ሦስት ወይም አራት አንጓ ይኑረው። ከግርጌ ልክ ከአንጓው በታች ቁረጡ። ከላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ተዉለትና ሌላውን አንሱ። እምቡጥ ካለው አትዘኑለት፣ እሱንም ቁረጡት። በ45 ዲግሪ ካልተቆረጠ አይበቅልም ሲባል ብትሰሙ ብዙም አያስጨንቃችሁ፤ ከማዕዘኑ ይልቅ የመቀሱ ስለትና ንጽሕና ይበልጣል።

ብዙ ጽጌረዳዎች በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቀው ያደጉ መሆናቸውንም አትርሱ። ከመጋጠሚያው በታች የወጣውን ከቆረጣችሁ የሚበቅልላችሁ የሥሩ ጽጌረዳ ነው፤ የወደዳችሁት አበባ አይመጣም።

«ቅጠል ካወጣ ይዟል»

ብዙ ቁራጭ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። ከተተከለ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ከአንጓው ላይ ቀላ ያለ ለጋ ቡቃያ ብቅ ሊል ይችላል። ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ሽፋኑን ያነሳል፣ ፀሐይ ላይ ያወጣዋል፣ ማዳበሪያ ጣል ያደርግበታል። ወዲያው ቡቃያው ጠውልጎ ይንጠለጠላል።

ቡቃያው የወጣው ግንዱ ውስጥ በነበረው ስንቅ ነው። በዚያን ሰዓት ከአፈሩ በታች ምንም ላይኖር ይችላል፤ ቢኖር ደግሞ ካለስ የሚባለው ነጣ ያለ እብጠት ነው። ካለስ ቁስሉ እየሻረ መሆኑን ያሳያል እንጂ ሥር አይደለም። ሥሩ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ መሀል ቅጠሉ ውሃ ያጣል፣ የሚተካለት ሥር ግን የለም። ሽፋን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ግማሹ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ መድፋት ይበቃል። ብርሃን ያለበት ግን ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ካረፈበት ውስጡ ግሎ ቁራጩ ይቀቀላል። አልፎ አልፎ ከፈት አድርጋችሁ አየር አስገቡ። አፈሩ አሸዋ ወይም ፐርላይት (አፈርን የሚያላላ ነጭና ቀላል ጠጠር መሰል ነገር) የተቀላቀለበት ይሁን፤ ሲነኩት የሚረጥብ፣ ጨብጠው ሲጨምቁት ግን ውሃ የማያንጠባጥብ።

እየነቀላችሁ አትዩት። አዲስ ሥር እንደ ነጭ ክር ቀጭን ነው፤ አንዴ ከተበጠሰ ድካሙ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ከወር በኋላ በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ሳብ አድርጉት። እምቢ ካለ ይዟል። በመትከያ ዕቃው የታች ቀዳዳ በኩል ሥሩ ብቅ ካለማ ጥርጥር የለውም። ያኔም ቢሆን ሽፋኑን በአንዴ አታንሱበት። ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ በየቀኑ ጨመር እያደረጋችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል ከአየሩ ጋር አለማምዱት።

«ውሃ ውስጥ ማብቀል ይቀላል»

አንዳንዱ ውሃ ውስጥም ሥር ያወጣል። ግን ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ትንሽ ስለሆነ ጫፉ የመበስበስ ዕድሉ ሰፊ ነው። የወጣውም ሥር ተሰባሪ ስለሆነ አፈር ሲገባ ይቸገራል።

«ዘሩን ብንዘራ ያንኑ አበባ እናገኛለን»

አብዛኞቹ የአትክልት ጽጌረዳዎች የተዳቀሉ ናቸው። ከዘር የሚወጣው ልጅ ቀለሙም ቅርጹም ሊለይ ይችላል። ያንኑ አበባ የሚደግምላችሁ ቁራጭ ነው።

«ከታች ጠጠር ከተነጠፈ ውሃው ይወርዳል»

አሁን ሥር የያዘውን ተክል ወደ ሌላ መትከያ ወደ ማዛወር እንለፍ። ከማዛወር ጋር ከሚነገሩት ሁሉ ሥር የሰደደው ይሄኛው ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎችም ያደርጉታል። ነገር ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም። ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ይይዘዋል። ስፖንጅ በውሃ ነክራችሁ ብታንጠለጥሉት ከላይ ቶሎ ይጠነፈፋል፣ የታች ጠርዙ ግን ውሃ እንዳቆረ ይቆያል። አፈርም እንዲሁ ከግርጌው የረጠበ ንብርብር ይይዛል። ጠጠር ስትጨምሩ ያ ንብርብር አይጠፋም፤ ከፍ ብሎ ወደ ሥሩ ይጠጋል።

የሚያስፈልገው ቀዳዳ ያለው መትከያ እና ከላይ እስከ ታች ልል የሆነ አፈር ነው። ከጓሮ ብቻ የተዛቀ አፈር መትከያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ኮምፖስትና ፐርላይት ወይም ሻካራ አሸዋ ቀላቅሉበት። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ ትንሽ መረብ ማንጠፍ በቂ ነው።

«መትከያው በሰፋ ቁጥር ቶሎ ያድጋል»

ትንሽ ሥር ትልቅ አፈር ውስጥ ሲገባ ውሃውን ጠጥቶ አይጨርሰውም። አፈሩ ረጥቦ ይከርማል፣ ሥሩ አየር ያጣል። ከቀድሞው በ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ መትከያ ለወጣት ተክል ይበቃዋል። እያደገ ሲሄድ ደግሞ ከስፋቱ በላይ ጥልቀት ምረጡለት።

«ሥሩን መንካት ይገድለዋል»

መትከያው ውስጥ ዙሪያውን ተጠምጥሞ የቆየ ሥር ሳይነካ ከተዛወረ አዲሱ አፈር ውስጥም እዚያው መዞሩን ሊቀጥል ይችላል። አስቀድማችሁ አጠጡትና አውጡት። የተጠቀለለውን በጣታችሁ አላሉ፣ የጠቆረውንና የላሸቀውን በንጹሕ መቀስ ቁረጡ። በሌላ በኩል ደግሞ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር በሙሉ አራግፎ ማጠብ፣ ተክሉ ቅጠል ለብሶ እያለ፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚደረግ ነገር አይደለም።

በትንሽ መትከያ የሚሸጡ ድንክ ጽጌረዳዎችን ጠጋ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ አንድ ተክል አይደሉም። ሞላ ብሎ እንዲታይ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ አንድ ላይ ተተክሎ ነው። ቤት ገብተው ቶሎ የሚደርቁበት አንዱ ምክንያት ይሄ መጨናነቅ ነው። ሥራቸው ክፉኛ ካልተጠላለፈ አበባው ሲያልፍ ለያይታችሁ ለየብቻ ትከሏቸው።

«ካዛወራችሁት በኋላ ቶሎ ማዳበሪያ ስጡት»

የተጎዳ ሥር ጠንካራ ማዳበሪያ ሲያገኘው ይቃጠላል። አዲስ ቡቃያ ማውጣት እስኪጀምር ጠብቁት፤ አንድ ወር ግድም ማለት ነው። የእንቁላል ቅርፊትም እንደሚባለው ፈጥኖ የሚመግብ ነገር አይደለም፤ አፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የማዛወሪያው ጊዜም ያበበበት ወቅት ባይሆን ይመረጣል። ብርዳማ ክረምት ባለበት አገር ቡቃያው ከመንቃቱ በፊት፣ ሙቀት በማይለይበት ደግሞ ከገረዛችሁት በኋላ ደመናማ ቀን መርጣችሁ አዛውሩት።

«ጽጌረዳ ቤት ውስጥ ይኖራል»

ቁራጩ ሥር እስኪይዝ ቤት ውስጥ ይቆይ። ከዚያ በኋላ ግን በቀን ቢያንስ ለ6 ሰዓታት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሳሎን ውስጥ ይሄን ማግኘት ይከብዳል። ደረቅ የቤት አየር ደግሞ ቀይ ሸረሪት ለሚባለው ደቃቅ የቅጠል ተባይ ምቹ ነው። ቅጠሉ በደቃቅ ነጠብጣብ ቢጫ እየሆነ ከመጣ ገልብጣችሁ እዩት። ስስ ድር ካለበት የቅጠሎቹን ጀርባ በውሃ አጥባችሁ በረንዳ ወይም ፀሐይ የሚገባበት ደጅ አውጡት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠዋቱን ፀሐይ ብቻ እያገኘ እንዲለምድ አድርጉ።