«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ሲባል

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ስለ እንስሳት አካል የሚያወራ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዛ መጣችና ጅቡ ላይ ጣቷን አስቀምጣ «ጋሼ፣ እግሩን ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ወዲያው አፌ ላይ የመጣው ይሄ አባባል ነው።

ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ክፉ ያሰበ ሰው ጊዜው እስኪደርስለት ምስኪን ይመስላል። ብድር ፈልጎ «እኔ ምን አቅም አለኝ» እያለ ወር ሙሉ ሲለማመጥ የከረመ ሰው፣ ብሩ እጁ ከገባ በኋላ ስልክ አያነሳም፤ ያኔ ነው ሰፈሩ «አይ፣ ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል!» የሚለው። ደግሞ አባባሉ እንዴት እንደሚጥም እዩት፦ ነከሰና አነከሰ የሚለያዩት በአንዲት «አ» ብቻ ነው።

ግን ጅቡ እውነት ያስመስላል? አያስመስልም። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ። ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቀስ ብሎ ሲራመድ ያነከሰ ይመስላል። ያው «አንካሳ» ሲሮጥ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ ልቡም ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አይደክመውም። መንጋጋው አጥንት ይሰባብራል፣ ሆዱ ያንን አጥንት ይፈጫል፤ ለዚህ ነው ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚነጣው። (ልጅቷ እዚህ ጋ ስትስቅ ነው ያመሸችው።)

እኛ ሐረር ስለሆንን በዓይኗ ታየው ብዬ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ጅብ ወደሚመገብበት ቦታ ወሰድኳት። ሐረሪዎች ጅብን «ወራባ» ይሉታል። መጋቢው ቁጭ ብሎ ሥጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ያዘ። ከጨለማው አንዷ ወጣች፣ ትልቋ፤ በነጠብጣብ ጅብ ዘንድ ከወንዱ የምትገዝፈው ሴቷ ናት። ቀስ እያለች፣ ዳሌዋን ዝቅ አድርጋ መጣች፣ ክብ ጆሮዎቿን አቆመች፣ ከዚያ ቀጭ! ሥጋው የለም። ልጅቷ ጃኬቴን ጨምድዳ ይዛ «ጋሼ፣ አታነክስም እኮ፣ እግሯ ነው!» አለች።

ቤት ስንገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ መጽሐፉን ገልጣ የሥዕሉን እግሮች በጣቷ ለካች። የፊቱ ሙሉ ሌባ ጣቷን አከለ፣ የኋላው ግን ጥፍሯ ጋ ሳይደርስ ቀረ።