ማኑዋል ቴሌፎቶ ሌንስ ምንድን ነው?

ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ፣ ፎከሱን ግን እናንተው በእጃችሁ የምታስተካክሉት ሌንስ ነው። ሞተር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከካሜራው ጋር በኤሌክትሪክ አይገናኝም። ያለው ሁለት ቀለበት ነው፤ አንዱ ምስሉን ያጠራል፣ ሌላው አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል በሆነ) ፎካል ርዝመቱ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነው ሌንስ ኖርማል ይባላል፤ ይህ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ሩቁ ይበልጥ ይቀርባል። ከ85 ጀምሮ ያለው በልማድ ከቴሌፎቶ ይመደባል። 135 አሁንም ገር ነው። 200 እና 300 ግን አይቀልዱም።

ገበያ ላይ ከሚገኙት ብዙዎቹ ከፊልም ዘመን የተረፉ ናቸው። ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ1985 አውቶፎከስ ያለውን፣ ፎከሱን ራሱ የሚያስተካክለውን 7000 ካሜራ አወጣ። ካነን በ1987 የሌንስ መግጠሚያውን ጭራሽ ቀየረው። ያኔ ብዙ ደህና መስታወት ያለ ዕድሜው ጡረታ ወጣ።

ዲጂታል ካሜራ ላይ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ነገሩን የሚወስነው ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው። እንደ ብሎን እየተጠመዘዘ የሚገባው ኤም 42 ሌንስ 45.46 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ኢ ማውንት የሚባል መግጠሚያ ያለው የሶኒ ሚረርለስ ካሜራ (ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት የሌለው) ያለው 18 ብቻ ነው። አዳፕተሩ ይህን ልዩነት የሚሞላ ባዶ ቱቦ ነው፤ ውስጡ መስታወት ስለሌለ ምስሉን አይነካም። ተቃራኒውን እንይ። ከ1987ቱ ለውጥ በፊት የነበረው የካነን ኤፍ ዲ ሌንስ 42 ሲፈልግ፣ ከለውጡ በኋላ የመጣውን ኢ ኤፍ ሌንስ የሚቀበለው የካነን ዲ ኤስ ኤል አር (አንጸባራቂ መስታወት ያለው ዲጂታል ካሜራ) 44 አለው። ሌንሱ ከሚገባው በላይ ርቆ ስለሚቀመጥ፣ መሃል ላይ መስታወት ካልተጨመረ ሩቁ ነገር አይጠራም። ሩቁን የማያጠራ ቴሌፎቶ ምን ይሠራል?

ገጥማችሁ ስታበቁ ካሜራው “ሌንስ የለም” ብሎ አላነሳም ሊል ይችላል። ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅድ ምርጫ ፈልጉ። እኔ ይህን ሳላውቅ አዳፕተሩ ተበላሽቷል ብዬ ግማሽ ቀን ስፈታና ስገጥም ውያለሁ።

ይህ ሁሉ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ጣጣ ነው። በየፎቶው የሚመጣው ፈተና ፎከስ ነው። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 4 (የአፐርቸር መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከፍታችሁ 5 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ብታነሱ፣ ጥርት የሚለው ውፍረት በፉል ፍሬም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ትንሽ ዘንበል ካለ አለቀ። ካሜራው የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳይበት ፎከስ ፒኪንግ አለ። በቴሌፎቶ ላይ ግን ብዙም አላምነውም፤ ቅንድቡንም ጆሮውንም አንድ ላይ ቀይ ቀብቶ “ጨርሰሃል” ይለኛል። የሚያዋጣው ማጉላት ነው። አፐርቸሩን ክፈቱ፣ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ አጉሉት፣ ቀለበቱን ጥርት ከሚልበት ትንሽ አሳልፉና መልሱት። ከዚያ አፐርቸሩን ወደምትፈልጉት ዝጉ። ወደ ኤፍ 5.6 ወይም 8 መዝጋት፣ በአሮጌ ሌንሶች ላይ ደማቅ ጠርዞችን የሚከበውን ወይን ጠጅ ቀለምም ይቀንሳል።

ለሚንቀሳቀስ ነገር ቀለበቱን እያዞሩ ማሳደድ ልፋት ነው። ወፏ ደጋግማ የምታርፍበት ቅርንጫፍ ላይ ፎከሱን ቀድማችሁ አጥሩና ጠብቁ። መጣች፣ ተጫኑ።

የእጅ መንቀጥቀጥም አለ። የቆየው ልማድ የሸተር ፍጥነቱን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ ቢያንስ ከሌንሱ ፎካል ርዝመት ጋር ማስተካከል ነው፤ ለ200 ሌንስ 1/200 ሰከንድ። ሴንሰሩ አነስ ያለ፣ ኤ ፒ ኤስ ሲ የሚባለው ካሜራ ላይ 200ው የ300 ያህል አጥብቦ ስለሚያሳይ 1/320 ይሻላል። ካሜራችሁ ሴንሰሩን እያንቀሳቀሰ ንዝረት የሚያረጋጋ ከሆነ ግን፣ ሌንሱ ስለማይነግረው ርዝመቱን ራሳችሁ ሜኑ ውስጥ አስገቡለት። እዚህ ላይ የሚገባው ሌንሱ ላይ የተጻፈው 200 ነው እንጂ የተባዛው 300 አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጨረቃን ስታነሱ ደግሞ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ አትተዉት። ብዙ ቴሌፎቶዎች ሙቀት መስታወቱንና ብረቱን ስለሚለውጥ ከሩቁ ምልክት ትንሽ አልፈው እንዲዞሩ ተደርገው ተሠርተዋል። ብርሃኑና ጥላው የሚገናኙበትን የጨረቃ ክፍል አጉሉና ጉድጓዶቹ ጥርት እስኪሉ በእጃችሁ ፈልጉት።