ጎንደር ማረሚያ ቤት፦ ትምህርቱ፣ ሙያው እና የመውጫው ጣጣ

የጎንደርን ማረሚያ ቤት ብዙ ሰው አንገረብ እያለ ነው የሚጠራው። የሚተዳደረው በአማራ ክልል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ሥር ነው። ውስጡ ያለው ሰው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፍርድ ያገኘ ታራሚ አለ፤ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ያለ የቀጠሮ እስረኛም አለ። ትምህርቱም ሙያውም የታሰበው ዓመታት ለሚቆየው ታራሚ ነው። ነገ ዛሬ እወጣለሁ እያለ ቀጠሮ የሚቆጥር ሰው ደብተር ገዝቶ ክፍል ለመግባት ልቡ አይሆንለትም።

እስር ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን ነገሥታቱ ዙፋን ይሻሙናል ብለው የሚፈሯቸውን ወንድ ዘመዶቻቸውን ወህኒ አምባ ላይ ያኖሩ ነበር። አፄ በካፋ ራሳቸው ከዚያ ወርደው ነው እ.ኤ.አ. በ1721 የነገሡት። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ አፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ እነዚያን እስረኞች አስጠርተው ሲያዩ ቡትቶ ለብሰው ስለቀረቡ አዝነው አያያዛቸው እንዲሻሻል አዘዋል። ተራው ሰው ግን አምባ ላይ አይወጣም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ነገራቸው እስኪያልቅ አብረው ይከርማሉ። ጥፋቱ ከተረጋገጠ ቅጣቱ ግርፋት ነው፣ ካሳ ነው፣ ሲከብድ አካል መቁረጥ ወይም ሞት ነው። ሰውን ለዓመታት አስሮ ማረም የሚባለው ሐሳብ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ የእስር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45 የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው።

ዛሬ ያለው ሕግ ዓላማውን አይደብቅም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣትን ማስፈራሪያ ብቻ አያደርገውም፤ አጥፊው ታርሞ እንዲመለስም ይፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር እንዲገናኝ መብት ይሰጠዋል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 አሻሽሎ ያወጣቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ደግሞ በቁጥር 104 ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እና ለወጣት እስረኞች ትምህርት ግዴታ ይሁን ይላሉ።

ታራሚው በቃሉ የሚያውቀው ግን የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 202 ነው። አመክሮ! ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ፣ ወይም ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት 20 ዓመት የታሰረ ሰው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ካሳየ፣ ያደረሰውን ጉዳትም በሚችለው መጠን ከካሰ፣ ፍርድ ቤቱ በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። 15 ዓመት የተፈረደበት ሰው ዓይኑን 10ኛው ዓመት ላይ ይጥላል ማለት ነው። «የሚማሩት ለአመክሮ ብለው ነው» እያሉ የሚያጣጥሉ አሉ። ቢሆንስ? ለአመክሮ ብሎ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲፈታ ፊደሉን እዚያው ጥሎት አይወጣም።

ትምህርቱ ከታች ይጀምራል። ከደንቢያ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ ገጠር ከሚመጣው ሰው ውስጥ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ አለ፣ ሁለተኛ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ የጎልማሶች ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት ይመጣል። ከዚያ መደበኛው ትምህርት ይቀጥላል፤ ታራሚው እንደ ውጪው ተማሪ ለብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥበት ጊዜም አለ። አስተማሪው ብዙ ጊዜ ራሱ ታራሚ ነው፦ ውጪ መምህር የነበረ ወይም ዲግሪ ይዞ የገባ። አንዳንዱ ይሄን እንደ ጉድለት ያየዋል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ሀብት ነው። ጎንደር እኮ የአቋቋምና የትርጓሜ አገር ናት፤ በቄስ ትምህርት ቤት የበረታው ተማሪ ጀማሪውን ሲያስቀጽል ስንት ሊቅ ወጥቷል። ጎደለ የምለው አስተማሪው ታራሚ የሚደክምበት ዋጋ በወጉ አለመቆጠሩን ነው።

ማንበብ ለማይችል ገበሬ የፍርድ ውሳኔ ግልባጭ ምን እንደሆነ አስቡት። በአራት ታጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከፍራሹ ሥር ይቀመጣል። ማኅተሙን ያውቀዋል፤ ውስጡን ግን የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው፣ ያም ሰው ሲፈልግ ያነባል፣ ሲሰለቸው ይዘላል። ከዓመት ትምህርት በኋላ ጣቱን ከቃል ቃል እያስኬደ «ተከሳሽ» የሚለውን፣ ቀጥሎ የራሱን ስም ከነአባቱ፣ ገጽ ገልጦ ደግሞ «ይግባኝ» የሚለውን ያገኛል። የይግባኙ ጊዜ ያለፈው ማንም በወጉ ስላልነገረው መሆኑ የሚገባው ያኔ ነው። ይሄ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለራሱ ጉዳይ መጠየቅ ይጀምራል።

ትምህርቱ ወንጀል ይቀንሳል ወይ ለሚል፣ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ፣ እስር ቤት ውስጥ የተማሩ ሰዎች ወደ እስር የመመለስ ዕድላቸው ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። የኛ አገር እስር ቤት የአሜሪካን አይመስልም፣ እውነት ነው። አቅጣጫው ግን ያው ነው።

ሙያው ላይ ስንመጣ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት፣ ልብስ ስፌት፣ ፀጉር ማስተካከል በአገሪቱ ማረሚያ ቤቶች የተለመዱ ናቸው፤ ሴቶቹ ጋ ጥልፍና ስፌት ይበዛል። ከሁሉም የሚመቸው ግን ሽመና ነው። መብራት አይልም፣ ማሽን አይልም። ጠያቂ ክር ያስገባል፣ ታራሚው ጋቢ አድርጎ ያስወጣል። ከውስጥ ሆኖ ለልጁ ደብተር የሚገዛ አባት ቤቱ ውስጥ አባትነቱ አይሞትም፤ ይሄ በገንዘብ የሚለካ አይደለም። ችግሩ መሣሪያው ማነሱ ነው። ለሃያ ሰልጣኝ አንድ መጋዝ ሰጥቶ አናጢ አወጣሁ ማለት አይቻልም። የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ሳይወስድ የወጣም እጁ ሙያ እያወቀ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ቀጣሪ ይመልሰዋል።

ጤናም ከዚህ አይነጠልም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰሜን ጎንደር ዞን ማረሚያ ቤት ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት የሳንባ ነቀርሳ ከውጪው ሕዝብ በብዙ እጥፍ በዝቶ አግኝቷል። ተጨናንቆ የሚያድር፣ ሌሊቱን ሲያስል የነጋበት ሰው ጠዋት ክፍል ገብቶ ምን ሊገባው ነው?

ለእኔ ግን ትልቁ ክፍተት በሩ ላይ ነው። በጎንደር ገጠር ሰው ገድሎ የታሰረ ሰው ቅጣቱን ስለጨረሰ ብቻ አገሩ አይገባም። ደመኛ አለው። አሥር ዓመት ተምሮ፣ ሙያ ይዞ፣ ጠባዩ ተመስክሮለት ወጥቶ በሳምንቱ ሊገደል ይችላል፤ ወይም ሸሽቶ መተማ በረሃ የቀን ሥራ ይገባና የተማረው ሁሉ ባክኖ ይቀራል። ይሄን የሚፈታው ሽምግልና ነው። ሽማግሌና የንስሐ አባት መስቀል ይዘው፣ እስላም ከሆነም ሼሆቹ ገብተው፣ የሟችን ቤተሰብ ለምነው፣ ካሳ ተቆርጦ ደም ይደርቃል። ታራሚው ከመንግሥት ይቅርታ ሲጠይቅም የተበዳይ ወገን መታረቁ ይታያል። የሚያናድደው ሽምግልናው ብዙ ጊዜ የሚጀመረው መፈቻው ሲቃረብ፣ በጥድፊያ መሆኑ ነው። ዕርቁ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከትምህርቱ ጎን ለጎን መሄድ አለበት፤ ማረሚያ ቤቱም እንደ ቤተሰብ የግል ጉዳይ ሳይሆን እንደ ራሱ ሥራ ሊይዘው ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሽማግሌውም ጠያቂውም ስለሚቀር፣ ነገሩ ይበልጥ ከብዷል።

ሌላው የመውጫ ጣጣ የወንጀል መዝገብ ነው። ቀጣሪ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ ይጠይቃል። የወንጀል ሕጉ ግን ቅጣቱን ጨርሶ የተወሰነ ዓመት በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ይፈቅዳል። ይሄን ከመፈታቱ በፊት ቁጭ አድርጎ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ለዚህ ሥራ ከማንም የቀረበ ነው።