ስድስተኛው ሯጭ፦ የኬንያ ወንዶች አገር አቋራጭ ቡድን (1986–2003)

ከ1986 እስከ 2003 በተካሄዱት 18 የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናዎች የአዋቂ ወንዶችን የቡድን ዋንጫ ኬንያ አንድም ጊዜ ለሌላ አላስነካችም (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1998 ውድድሩ በአጭርና በረጅም ርቀት ስለተከፈለ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ያለው የረጅሙን ርቀት ውድድር የሚመለከት ነው። ሆኖም «ተገቢውን ክብር ያላገኘ ገናና ቡድን የትኛው ነው?» የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህ ቡድን እምብዛም አይጠራም። ከ1956 እስከ 1960 አምስት የአውሮፓ ዋንጫ በተከታታይ ያነሣው ሪያል ማድሪድና ከ1959 እስከ 1966 ስምንት ጊዜ ተከታትሎ የኤንቢኤ ሻምፒዮን የሆነው ቦስተን ሴልቲክስ በየመድረኩ ይወደሳሉ። 18 ዓመት ያሸነፈው ቡድን ግን የአባላቱን ስም ዘርዝር ቢባል ከሦስት በላይ የሚቆጥር የስፖርት ወዳድ ማግኘት ያስቸግራል።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ግን ሰው አገር አቋራጭን የሚያየው እንደ ግል ውድድር መሆኑ ነው። ካሜራው መሪውን ይከተላል፣ ጋዜጣው አንደኛ የወጣውን ያወጣል። የቡድን ዋንጫው የሚወሰነው ግን ከካሜራው በስተኋላ፣ ማንም ልብ በማይለው ሯጭ ነው።

ነጥቡ እንዴት ይሰላል

እስከ 1997 ድረስ አንድ አገር ዘጠኝ ወንዶች አሰልፎ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ደረጃ ይደመርለት ነበር። ድምሩ ያነሰ ያሸንፋል። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ጠራርጎ የገባ ቡድን 21 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ አገር ልጆች ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ተከታትለው ቢገቡና ስድስተኛው ሯጫቸው 60ኛ ቢወጣ ድምራቸው 75 ይሆናል። ሜዳሊያ ያላገኘ ሌላ አገር ደግሞ ከ6ኛ እስከ 11ኛ ያለውን ቦታ ቢይዝ ድምሩ 51 ነው፤ ዋንጫው የእሱ ነው። ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ሯጭ ለቡድናቸው ነጥብ አያስመዘግቡም፤ ነገር ግን ከተቀናቃኝ ስድስተኛ ሯጭ ፊት ከገቡ የእሱን ደረጃ ወደ ታች ይገፉታል። ስድስት ሰው ያላስጨረሰ ቡድን ደግሞ ውጤት የለውም።

ርቀቱ በዚያ ዘመን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ሰፊው የመነሻ መስመር ከጥቂት መቶ ሜትር በኋላ ይጠብባል፤ እዚያ ከመድረሱ በፊት ከፊት ያልተገኘ ሯጭ በሰው ታጥሮ፣ በጭቃና በክርን መካከል ይቀራል። ይህን ፈርቶ መጀመሪያ ላይ ያለ ልክ የፈጠነ ደግሞ በመጨረሻው ዙር ዋጋውን ይከፍላል። ፊት ያሉት ተበታትነው ስለሚሮጡ አሥር ሰከንድ መዘግየት አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ቢያስጥል ነው። መሐል ላይ ግን ሯጩ እንደ ጉንዳን ተከታትሎ ስለሚመጣ ያችው አሥር ሰከንድ ብዙ ደረጃ ታስጥላለች። ቡድን የሚፈርሰው እዚህ ነው።

ከኬንያ በፊት ኢትዮጵያ

የኬንያ ዘመን ከመምጣቱ በፊት ከ1981 እስከ 1985 አምስቱንም የቡድን ዋንጫ የወሰደችው ኢትዮጵያ ነበረች። ይህም ቢሆን ከሚገባው በታች የሚነገርለት ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1981 ማድሪድ ላይ ሲሆን ውድድሩ በፈረስ መሮጫ ሜዳ ተካሄደ። ልጆቹ ፊት ፊት ሲመሩ ቆይተው ዙር ቆጠራ ተሳሳቱ። ውድድሩ ያለቀ መስሏቸው አንድ ዙር ሲቀር አፈትልከው ወጥተው መጨረሻውን ሮጡ፣ ከዚያም ቆሙ። ገና አንድ ዙር እንደሚቀር ሲገባቸው ሌሎቹ እያለፏቸው ነበር። መሐመድ ከድር እንደገና ተነሥቶ አሳደደና ከአሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። የግል ወርቁ በስሕተት አመለጠ፤ የቡድኑ ዋንጫ ግን አላመለጠም፤ የተሳሳቱትም እንኳ ከብዙዎቹ ቀድመው ገቡ። መሐመድ በዓመቱ ሮም ላይ አሸነፈ፤ በ1983 ደግሞ ጌትስሄድ ላይ በቀለ ደበሌ ደገመው። በ1984ና በ1985 የግሉን ወርቅ የወሰደው ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ ነበር፤ ዋንጫው ያኔም የኢትዮጵያ ሆነ። እነዚህ ሁለት ዓመታት ሲነሡ ዛሬ የሚታወሰው ሎፔዝ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ውስጥ ስምንት

በ1986 ስዊዘርላንድ ላይ ጆን ንጉጊ ኢትዮጵያዊውን አበበ መኮንንን አስከትሎ ሲያሸንፍ ዋንጫው ወደ ናይሮቢ ተሻገረ። የቡድኑን ጥንካሬ ለማየት ግን የሚሻለው የ1988ቱ የኦክላንድ ውጤት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሯጮች ስምንቱ ኬንያውያን ነበሩ፤ መሐላቸው ገብቶ አምስተኛ የወጣው አበበ መኮንን ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ድምሩ 23። ሊገኝ ከሚችለው ፍጹም ውጤት የሚርቀው በሁለት ነጥብ ብቻ ነው። የኬንያ ስምንተኛ ሯጭ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ ማንኛውም አገር ቢሆን ኖሮ የቡድኑ ቁንጮ ይሆን ነበር።

ይህ የመጣው ከምርጫውና ከካምፑ ነው። የናይሮቢው ማጣሪያ በራሱ ከዓለም ሻምፒዮናው የማይተናነስ ነበር፤ ዓምና ሜዳሊያ ያመጣ ሰው ዘንድሮ ቡድኑ ውስጥ ላይገባ ይችላል። እንደ እኛው መቻልና ኦሜድላ ሁሉ እዚያም ሯጩን የሚይዙት ጦሩ፣ ፖሊሱና ማረሚያ ቤቱ ናቸው፤ ንጉጊ የምድር ጦር፣ ፖል ቴርጋት የአየር ኃይል ሰው ነበሩ። ማጣሪያውን ያለፉት በኬንያ ተራራ አቅራቢያ ኢምቡ ውስጥ በሚገኘው የኪጋሪ መምህራን ኮሌጅ ለሳምንታት አብረው ይከርሙ ነበር። የአሠልጣኝ ማይክ ኮስጌይ ሥርዓት ንጋት፣ ረፋድና ማምሻ ላይ ሦስት ጊዜ መሮጥ ነበር፤ ዳገቱ ከባድ ነው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይሮጣል። ዘጠነኛው ልጅ በየቀኑ ከአንደኛው ጋር ስለሚሠራ በውድድሩ ዕለት ብዙ ርቆ አይቀርም። የሚሰበር ደግሞ ካምፑ ውስጥ ይሰበራል፤ በዚህ አካሄድ ተጎድተው የቀሩት ጥቂት አይደሉም፤ ተተኪ የሞላት አገር ብቻ ነች ይህን የምትችለው።

ከ18ቱ ዓመታት የግል ወርቁ የኬንያ የሆነው 12 ጊዜ ነው፦ ንጉጊ አምስት፣ ዊሊያም ሲጌይ ሁለት፣ ቴርጋት ከ1995 እስከ 1999 በተከታታይ አምስት። የቀሩትን ስድስት የሞሮኮው ካሊድ ስካህ (1990ና 1991)፣ ለቤልጂየም የሮጠው መሐመድ ሙሪት (2000ና 2001) እና ቀነኒሳ በቀለ (2002ና 2003) ተከፋፍለውታል። በእነዚህ ስድስት ዓመታትም ዋንጫው ከኬንያ አልወጣም። ለእኔ የቡድኑ ትልቅነት ጎልቶ የሚታየው ንጉጊና ቴርጋት በነገሡባቸው ዓመታት ሳይሆን በእነዚህ ነው፤ አንደኛው ሰው ተሸንፎ ቡድኑ ሲያሸንፍ።

ቴርጋት አገራችን ውስጥ የሚታወሰው በ2000 ሲድኒ ላይ በኃይሌ ገብረሥላሴ በ0.09 ሰከንድ የተቀደመ ሰው ሆኖ ነው። ትራክ ላይ ለኃይሌ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ አስረክቧል። ሜዳው ሣርና ጭቃ ሲሆን ግን አምስት ዓመት የሚደፍረው አልነበረም፤ ኃይሌ በዚህ ሻምፒዮና በአዋቂዎች ያገኘው ትልቁ ውጤት በ1994 ሦስተኛነት ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው «ተፎካካሪ አልነበራቸውም» የሚል ነው። ኢትዮጵያና ሞሮኮ የነበሩበትን ሜዳ ባዶ ነው ማለት ግን አይቻልም። ሁለተኛው ክብደት አለው፦ ንጉጊ በ1993 ከውድድር ውጪ የሚደረግን ምርመራ አልሰጥም ብሎ ታግዷል፤ ቅጣቱ በኋላ ቢቀነስም። ከዚያ ጊዜ ወዲህም በኬንያ የተነሡት የአበረታች መድኃኒት ጉዳዮች ያለፈውን ዘመን ሰው በጥርጣሬ እንዲያየው አድርገዋል። ሦስተኛው አገርንና ክለብን ማነጻጸር አይገባም የሚለው ነው። ይሁን፤ ክለብ ተጫዋች ይገዛል፣ አገር ግን ባሏት ልጆች ነው የምትወዳደረው። እንዲያውም ኬንያ ልጆቿን ታጣ ነበር፤ በ2003 ስቴፈን ቼሮኖ ሰይፍ ሰዒድ ሻሂን ተብሎ ለኳታር መሮጥ ጀመረ።

ተከታታይ ድሉ የተቋረጠው በ2004 ብራስልስ ላይ ነው። ቀነኒሳ፣ ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያምና ስለሺ ስህን ከአንድ እስከ ሦስት ገብተው ኢትዮጵያ ዋንጫውን ወሰደች፤ በ2005ም ደገመችው። ከዚያ ኬንያ ከ2006 እስከ 2011 እንደገና ስድስቱንም አነሣች፤ ሲደመር በ26 ዓመት 24 ዋንጫ ይሆናል። የብራስልሱን ውጤት በሚገባ ለመረዳት ግን ደንቡን ማየት ያስፈልጋል። በ1998 አጭሩ ርቀት ሲጨመር በረጅሙ ርቀት ስድስት ሯጭ ተሰልፎ አራት ብቻ ይቆጠር ጀመር፤ ትንሹ ድምር ከ21 ወደ 10 ወረደ። መድረኩን የያዙት ሦስት ኢትዮጵያውያን ስድስት ነጥብ ብቻ ያስቆጥራሉ፤ ከኋላቸው የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ሯጭ ነው። በቀድሞው ደንብ ግን ሦስት ጥሩ ሰው ያስፈልግ ነበር። የኬንያ ሀብት ደግሞ አምስተኛውና ስድስተኛው ሯጭ ነበር፤ አዲሱ ደንብ እነሱን ከሒሳቡ አወጣቸው።