የምናጋራቸው ድንቅ ወሬዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አራት ኪሎ ቁጭ ብላችሁ አንድ ማኪያቶ እስክትጨርሱ ስልካችሁ ላይ ሁለት ሦስት «ድንቅ ግኝት» ይደርሳችኋል። አንዱ ስለ ሳይንስ ነው፣ አንዱ ስለ ሙዚቃ፣ አንዱ ስለ ደግ ሰው። አክስት በቴሌግራም ትልካለች። የሥራ ባልደረባ «ይሄን ሳታይ እንዳታድር» ይላል። ልማዱን እወደዋለሁ። ክፉ ወሬ በበዛበት ጊዜ ሰው ለወዳጁ መልካም ነገር መርጦ መላኩ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ከሚዞሩት ውስጥ ብዙዎቹ ተጣመው ነው የሚደርሱን። የሚያስቆጨው ደግሞ እውነተኛው ታሪክ ከተጣመመው የበለጠ ልብ የሚነካ መሆኑ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሉሲ የመጀመሪያዋ ሰው ናት»

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ጊዜ እንዲህ ብለው ያስረዳሉ። ድንቅነሽ የተገኘችው በ1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በተባለው ቦታ ነው። የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዓለምን ያስደነቀው ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ላይ መገኘቱ ነበር። በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር አጥንቶቿ በግልጽ አሳዩ።

በዕድሜ ግን የሚበልጧት አሉ፤ ያውም እዚሁ አገራችን ውስጥ። አርዲ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። የአርዲን የመጀመሪያ አጥንቶች በ1994 ያገኘው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። ሰላም የምትባለው ሕፃን ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፤ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን ዲኪካ ላይ በ2000 አገኛት። ብዙ ሰው «የሉሲ ልጅ» ይላታል። ከሉሲ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ ቀድማ የኖረች ሕፃን ግን የሉሲ ልጅ ልትሆን አትችልም።

እኔ ለልጆች ማውራት የምወደው የ2016ቱን ግኝት ነው። የዚያን ዓመት አፋር ውስጥ 3.8 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የራስ ቅል ተገኘ። የመጀመሪያውን ቁራጭ አይቶ ለነዮሐንስ ቡድን ያሳየው የአካባቢው አርብቶ አደር ነው። አጎንብሶ መሬት የሚያይ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ቅል ዛሬም እዚያው በተቀመጠ ነበር። ለልጅ «ሉሲ የመጀመሪያዋ ናት» ብሎ ከመዝጋት፣ ፍለጋው ገና አላለቀም ማለት አይሻልም?

«ሞዛርት የሰማ ሕፃን ጎበዝ ይሆናል»

ፒያሳ አካባቢ የማውቃቸው ነፍሰ ጡር እናቶች ሆዳቸው ላይ የጆሮ ማዳመጫ እስከማድረግ ደርሰዋል። ወሬው የተነሳው በ1993 ከታተመ አንድ ጥናት ነው። ጥናቱ ላይ ሕፃን የሚባል አልነበረም። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ሰሙ። ከዚያ ቅርጽን በሐሳብ እያገላበጡ የሚመልሱት ፈተና ላይ ትንሽ ተሻሉ። ለውጡ ከ15 ደቂቃ በላይ አልቆየም። ወሬው ግን አደገ። በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ እንዲሰጥ በጀት ጠየቁ። በ2010 የቪየና ተመራማሪዎች 40 ያህል ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ ሞዛርት ለብቻው የተለየ ነገር እንደማያደርግ አዩ። ደስ የሚለንን ማንኛውንም ሙዚቃ ስንሰማ እንነቃቃለን፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አሁን ሊጋራ የሚገባውን ልንገራችሁ። በ2014 የካናዳ ተመራማሪዎች የ14 ወር ሕፃናትን ይዘው አንድ ሙከራ ሠሩ። ሕፃኑ በአንድ ሰው ደረት ላይ ታቅፎ በሙዚቃ ምት ወደላይ ወደታች ይላል። ፊት ለፊቱ የቆመች ሴትም ትዘላለች። ለግማሾቹ ሕፃናት ከእነሱ ምት ጋር እኩል ትዘላለች፤ ለቀሩት ምቱን ታበላሻለች። ከዚያ ሴትዮዋ ሳታስበው እንደወደቀባት አስመስላ ዕቃ ትጥላለች። አብራቸው በምት የዘለለችላቸው ሕፃናት ዕቃውን አንስተው የመስጠት ዕድላቸው በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ገና በቅጡ መሄድ ያልጀመረ ልጅ፣ አብራው ለተወዛወዘች ሰው ደግ ይሆናል!

እንግዲህ ልጇን አዝላ «እሽሩሩ» እያለች የምትወዛወዝ እናት ሲዲም ማዳመጫም አያስፈልጋትም። ሙዚቃ፣ ሳይንስና ደግነት በአንድ ሙከራ ውስጥ የተገናኙበት እንዲህ ያለ ነገር እኔ ሌላ አላውቅም።

«የሥልጣኔ የመጀመሪያ ምልክት የዳነ የጭን አጥንት ነው፤ ማርጋሬት ሜድ እንዳለችው»

ይሄ ጽሑፍ በየዓመቱ ተመልሶ ይመጣል። ታዋቂዋ አንትሮፖሎጂስት በተማሪ ተጠየቀች፣ ሸክላና መንጠቆ ሲጠበቅ እሷ «ተሰብሮ የዳነ የጭን አጥንት» ብላ መለሰች ይባላል። አንድ ሰው ቆሞ ሌላውን አስታመመ ለማለት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። ሜድ ይህን ለማለቷ ግን አስተማማኝ ማስረጃ አልተገኘም።

«መልካም ነገር እስከሆነ ድረስ ማን አለው ቢባል ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ አሉ። ይጎዳል። ነገ ሐሰት መሆኑን የሰማ ሰው ሐሳቡንም አብሮ ይጥለዋል። ደግሞ እውነተኛው ማስረጃ በእጃችን ነው። በ1957 ሰሜን ኢራቅ ሻኒዳር ዋሻ ውስጥ የአንድ ኒያንደርታል (ዛሬ የጠፋ የሰው ዘር ዘመድ) አጽም ተገኘ። ሰውዬው የኖረው ከዛሬ 40 ሺህ ዓመት በላይ በፊት ነው። ቀኝ እጁ ሰልሏል። ፊቱ በግራ በኩል ክፉኛ ተመትቷል፤ ያ ዓይኑ ሳይጠፋ አልቀረም። ጉዳቶቹ ግን ሽረዋል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሯል። እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው አድኖ፣ ለብቻው ሸሽቶ ይኖራል ማለት ከባድ ነው። የሚያበላው፣ የሚጠብቀው ሰው ነበረው ብለው ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ይሄን ላኩ። ስምም ቦታም ዓመትም አለው።

«ግኝት የሚወጣው ከላቦራቶሪ ነው፣ ያውም ከውጭ አገር»

ይሄኛው ከሁሉም ይከነክነኛል፤ ምክንያቱም የእንዶድን ታሪክ ያስረሳናል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ነበር። ቢልሃርዝያን ያጠናል። የቢልሃርዝያ ተውሳክ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ማደግ አለበት። ስለዚህ አክሊሉ ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ዝቅ ብሎ ውሃው ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ከፍ ብሎ ካለው ውሃ ደግሞ በሕይወት ያሉ አሉ። ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች የተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቃት። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት የነበረው ያ ፍሬ የበሽታውን መንገድ የሚዘጋ ሆነ ማለት ነው። የሚያስደንቀኝ ዕድሉ አይደለም፤ ያንን ወንዝ ብዙ ሰው አይቶታል። አክሊሉ ግን ቆመ፣ ጠየቀ፣ የሴቶቹንም ዕውቀት አልናቀም። ከዚያ በኋላ ዓመታት የፈጀ ምርምር ተደረገ። ከአፍሪካ የመጣ ግኝት በዓለም ዘንድ ተቀባይነት እስኪያገኝም ብዙ ተጉላልቷል። በ1989 አክሊሉና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል። በበሩ የሚያልፍ ተማሪ ሁሉ ታሪኩን ቢያውቀው ምንኛ ደስ ባለኝ።

«ዘንድሮ ሰው ቢወድቅ የሚያነሳው የለም»

ታክሲ ውስጥ የማይቀር ወሬ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን ጎዳናዎች ካሜራ የቀረጻቸውን 219 ጠቦች አየ። ከ10 ጠቦች በ9ኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ገብቶ ለመገላገል ወይም ለማረጋጋት ሞክሯል። ሰው በበዛ ቁጥር የሚገባው ሰው የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። መርካቶ ወይ ሜክሲኮ ጠብ ሲነሳ «ተው! ተው!» እያሉ መሀል የሚገቡትን አስቡ። እነሱን ቪዲዮ አይቀርጻቸውም፤ ስለዚህ የሌሉ ይመስለናል።

«ዘመናዊ ሙዚቃችን ከአሜሪካ የመጣ ነው»

ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን መማሩ፣ ኒውዮርክ መቅረጹ እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊት የሆነ ነገር አለ። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ሳለ በአርመን ገዳም ውስጥ 40 ወላጅ አልባ ልጆች አገኙ። ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ናቸው። ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ኬቮርክ ናልባንዲያን እየመራቸው የቤተ መንግሥቱ የነፋስ መሣሪያ ኦርኬስትራ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰውም ኬቮርክ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ኦርኬስትራውን እየመራ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። በዚያ መንገድ ስናልፍ ወላጅ ያጡ ልጆችን መቀበል ለሙዚቃችን ምን እንዳመጣለት ማስታወስ ደስ ይላል።

«ደግ ሥራ አይወራም»

ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለሠሪው ነው። ያየ ሰው ዝም ይበል አልተባለም። ማሚቱ ጋሼን የማያውቁ የሕክምና ተማሪዎች ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት ሻይ ሲጠጡ አግኝቻለሁ። ማሚቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከገጠር በፌስቱላ ታማ መጣች። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን አከሟት፤ እሷም እዚያው ሆስፒታል ቀረች። አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፣ መሣሪያ አቀበለች፣ ከዚያ ራሷ ቀዶ ሕክምና መሥራት ቻለች። በኋላ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን ታሠለጥን ነበር። በ1989 ከሃምሊኖቹ ጋር የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተቀበለች። ይሄን ስነግራቸው አንዷ ልጅ ወዲያው ስልኳን አውጥታ ስሟን ጻፈች።